ስኳር ሲሰፍሩ ማር ይናገሩ

አዲስ አበባ ውስጥ «ንጹሕ ማር የት ይገኛል?» ብላችሁ ጠይቁ። የሚሰጣችሁ መልስ የሱቅ አድራሻ ሳይሆን የሰው ስም ነው። «እኔ የማውቃት ሴት አለች፤ ወንድሟ ከጎጃም ይልክላታል»፣ «የመሥሪያ ቤታችን ሾፌር ማሻ ሲወርድ ያመጣልናል»። በማር ምርት ከአፍሪካ ቀዳሚ በሆነች አገር ዋና ከተማ ማር እንደ ኮንትሮባንድ ዕቃ በዘመድና በሹክሹክታ ይፈለጋል።

ዘመድ የሌለው በክብሪት ይመረምራል። እንጨቱን ማሩ ውስጥ ነክሮ ይጭራል፤ ከበራ ንጹሕ ነው። ወይም ብርጭቆ ውሃ ላይ ጠብ ያደርጋል፤ ሳይበተን ከታች ካረፈ ንጹሕ ነው። ጎበዝ፣ ይኼ ሁሉ ቢበዛ የሚነግረን ማሩ መወፈር መቅጠኑን ነው። ስኳር አፍልቶ ያወፈረ ሰው ፈተናውን ያልፋል። ሳይበስል የተቆረጠ እውነተኛ ማር ግን ውሃ ስለሚበዛበት ሊወድቅ ይችላል። ብዙ ዓመት ፈተና ሳወጣ ኖሬአለሁ፤ ኮራጁ አልፎ ሐቀኛው የሚወድቅበትን ፈተና ግን ያወጣሁ አይመስለኝም።

አውጥቻለሁ ለካ። ጥር ላይ አንድ ሽማግሌ ባልዲ ማር ተሸክመው ሰፈራችን መጡ። ክዳኑ ሲከፈት ማሩ ረግቶ ፍሬ ፍሬ ሠርቷል። ጎረቤቴ «አባቴ፣ ይኼማ ስኳር ነው!» አለቻቸው። እኔም መነጽሬን አስተካክዬ ራሴን በአዎንታ ነቀነቅሁ። «እሜቴ፣ ብርዱ ነው ያረጋው፤ ፀሐይ ላይ ቢያኖሩት ይፈታል» አሉ። ማን ይስማቸው! ባልዲያቸውን አንሥተው ሄዱ። በዚያው ሳምንት «መቶ በመቶ ንጹሕ» የሚል ወረቀት የተለጠፈበት፣ እንደ ሻይ የጠራ ማር ከሱቅ ገዛሁ። ክብሪት እንኳን አልጫርሁበትም።

ሽማግሌው ልክ ነበሩ። ማር ውስጥ ያለው ግሉኮስ ቀን ሲቆጥርና ሲቀዘቅዝ ጠጣር ፍሬ ይሠራል፤ የመርጋቱ ፍጥነት እንደ አበባው ይለያያል። መልኩም እንዲሁ። የግራዋ አበባ የቀሰመች ንብ ማሯ ይመራል፤ ጌተም የቀሰመችው ነጭ ትሰጣለች። እኛ ግን ማር ሁሉ ነጭ፣ ቀጭንና ርካሽ ይሁንልን እንላለን። እንዲህ ያለውን ማር ዓመቱን ሙሉ የሚያቀርብልን ደግሞ ንብ ሳይሆን ድስት ነው።

ቅቤ ላይ ሙዝ፣ በርበሬ ላይ የሸክላ ዱቄት የሚደባልቀውን ነጋዴ ነጻ ማውጣቴ አይደለም። ለሚያስል ሕፃን የምንሰጠውን ማር በስኳር የሚያበዛ ሰው ወንጀለኛ ነው። ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤትም ከሱቅ መደርደሪያ ናሙና አንሥቶ ይመርምር፤ ያጭበረበረውን በስሙ ይጥራ። ማሰሮው ላይ «ንጹሕ» ከሚለው ቅጽል ይልቅ የት ወረዳ፣ በየትኛው ወር፣ በማን እንደተቆረጠ ይጻፍበት። ቅጽል በበዛ ቁጥር ስሙን መጠራጠር የቆየ የሥነ ጽሑፍ መምህር ልማዴ ነው።

አበው «ማር ሲሰፍሩ ማር ይናገሩ» ይላሉ። የዛሬው ነጋዴ ስኳር ሲሰፍር ማር ይናገራል። እኛ ደግሞ ማር ይዘው የመጡትን አዛውንት ስኳር ተናግረን ሸኘናቸው። ዘንድሮ ጥር አልፎ መጋቢት ገባ፤ አልመጡም።