ያልተጻፈው ትምህርት፦ ስለ አንድ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ሥልጠና መጽሐፍ

የሥርዓተ ትምህርት ባለሙያ ዘወትር የሚመረምረው የተጻፈውን ነው፤ ዓላማውን፣ ይዘቱን፣ የክፍለ ጊዜ ድልድሉንና ፈተናውን። አሜሪካዊው የሶሲዮሎጂ ምሁር ዶናልድ ላይት እ.ኤ.አ. በ1980 ያሳተመው፣ ሐኪሞች እንዴት የሥነ አእምሮ ሐኪሞች እንደሚሆኑ የሚተነትነው መጽሐፍ ግን ያልተጻፈውን ይከታተላል። ፊሊፕ ጃክሰን በ1968 ስለ መማሪያ ክፍል ሲጽፍ ስውር ሥርዓተ ትምህርት ያለው ጉዳይ እዚህ በሆስፒታል ቅጥር ውስጥ ይታያል።

የሥራው ብርታት ስለ ጥርጣሬ ያለው ትንተና ነው። ረኔ ፎክስ በ1957 የሕክምና ተማሪዎች ከእርግጠኝነት ማጣት ጋር መኖርን እንደሚለማመዱ ጽፋ ነበር። በላይት አመለካከት ግን ሠልጣኙ ይበልጡን የሚማረው ጥርጣሬን መሸከም ሳይሆን መቆጣጠር ነው፤ የአስተማሪውን ዝንባሌ ያጠናል፤ ከአንድ የሕክምና ፈለግ ጋር ይወግናል። ሕመምተኛ ራሱን ሲያጠፋ ስለሚካሄደው የግምገማ ስብሰባ ያቀረበው ጥናት፣ አስቀድሞ በ1972 የወጣው፣ በተለይ በጥሞና ሊነበብ ይገባዋል። ስብሰባው የተጠራው ስለ ሟቹ ነው፤ በተግባር ግን ሙያው በራሱ ላይ ያለውን እምነት የሚያድስበት ሥርዓት ይሆናል። ወጣቱ ሐኪም ስለ ስሕተት በምን ቋንቋ እንደሚነገር ተምሮ ይወጣል።

ሆኖም በገጾቹ ላይ ሠልጣኙ በሸክላ ሠሪ እጅ እንዳለ ጭቃ ከመጠን በላይ ለስልሶ ይታየኛል። ዘመኑም ሳይኮአናሊሲስ በአሜሪካ የገነነበት ነበር፤ መጽሐፉ በወጣበት ዓመት ግን የአገሪቱ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ሦስተኛውን የምርመራ መመሪያ አውጥቶ ሙያውን በምልክቶች ዝርዝር ወደሚመራ አሠራር አዞረው። ያኔ የተወደሱት ሐሳቦች አርጅተዋል፤ ማን ፊት ምን እንደማይጠየቅ የሚያስተምረው ልማድ ግን አላረጀም።

ጉዳዩ ከእኛም የራቀ አይደለም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ2003 እ.ኤ.አ. ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ስፔሻሊስቶችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን ሲጀምር፣ ካናዳውያን መምህራን በየጊዜው እየመጡ አስተምረዋል። ከእነርሱ ጋር የትኛው ያልተነገረ ልማድ ገባ? በታላቅ ፊት ዝም ማለትን ከጨዋነት ከሚቆጥረው አስተዳደጋችን ጋርስ እንዴት ተገናኘ? ይህን ከሥርዓተ ትምህርቱ ሰነድ ማወቅ አይቻልም፤ በሕሙማን ጉብኝት ሰዓት ቆሞ ማዳመጥን ይጠይቃል።

በመምህራን ሥልጠናም ያው ነው። ለተግባር ልምምድ የተላከ እጩ መምህር በማረፊያ ክፍል «የኮሌጁን እዚያው ተወው» ይባላል። የምንሞላው የመገምገሚያ ቅጽ ስለ ትምህርት ዕቅዱ፣ ስለ ሰሌዳ አጠቃቀሙና ስለ ሰዓት አከባበሩ ይጠይቃል፤ በማረፊያ ክፍል ስለሰማው የሚጠይቅ አንድም መስመር የለውም።