ሰገሌ ከአሶሳ ሲታይ

የፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴ የዘመናዊ ኢትዮጵያ ታሪክ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1991 በእንግሊዝኛ ከታተመ ወዲህ የታሪክ ተማሪዎች መነሻ ሆኖ ቆይቷል። ጥንካሬው ጎልቶ ከሚታይባቸው ገጾች አንዱ የልጅ ኢያሱ ውድቀትና የሰገሌ ጦርነት ትረካ ነው። ድክመቱም አሶሳ ላይ ሆኖ ለሚያነበው እዚያው ይታያል።

ባሕሩ ውድቀቱን ኢያሱ ከሙስሊሞች ጋር ተወዳጁ በሚለው የሃይማኖት ክስ ብቻ አይፈቱትም። በቁራኛና በሌባ ሻይ የፍትሕ ሥርዓት ላይ የተደረገውን ማሻሻያና ሙስሊሙን ለማቅረብ የተሞከረውን ጥረት ከወጣቱ ገዥ ወላዋይነት ጎን ያስቀምጣሉ። ከሸዋ መኳንንት ሥጋት ጋር የእንግሊዝን፣ የፈረንሳይንና የጣሊያንን ግፊትም ያሳያሉ። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ኢያሱ ተሽረው በዘውዲቱ ሲተኩ አንባቢው ከክሱ በስተጀርባ ያለውን የሥልጣን ትግል አስቀድሞ ተረድቷል።

ውጊያው ግን በአጭሩ ታልፏል። ንጉሥ ሚካኤል የልጃቸውን ዙፋን ለማስመለስ ከወሎ ዘምተው ጥቅምት 9 ቶራ መስክ ላይ የሸዋን ወገን የራስ ልዑል ሰገድን ጦር ደመሰሱ፤ ራስ ልዑል ሰገድም እዚያው ወደቁ። ድል አድራጊው ወዲያው ወደ አዲስ አበባ ባለመገስገሳቸው የጦር ሚኒስትሩ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ጦር ማሰባሰቢያ ጊዜ አገኙ። ጥቅምት 17 ሰገሌ ላይ የወሎ ጦር ተፈታ፤ ንጉሡም ተማረኩ። ነገሩ የተቆረጠው በእነዚያ ስምንት ቀናት ስለነበር ሰፋ ያለ ትረካ ይገባቸው ነበር። አንድ ውጊያ ዙፋን የሚወስነው ሁልጊዜ አይደለም፤ በስፔን የዙፋን ውርስ ጦርነት፣ እ.ኤ.አ. በ1704 የተገኘው የብሌንሃይም ድል ቪየናን አዳነ እንጂ ዙፋኑን አልወሰነም፤ ዘውዱ በመጨረሻ በዚያ ውጊያ ለተሸነፈችው ፈረንሳይ ዕጩ ጸና። ሰገሌ ግን በአንድ ቀን ውሎ ዙፋኑን ቆርጦ ሰጠ።

አሶሳ የምትገኝባት ቤኒሻንጉል ግን በመጽሐፉ በአብዛኛው የምትነሣው በራስ መኮንን ዘመቻና በወርቅና በባሪያ ንግድ ነው። የአሶሳው ሼህ ሆጀሌ አል ሐሰን ከምኒልክ ጦር ጎን ቆሙ፤ በኋላ ታስረው ተፈቱ፤ ከዚያም የአካባቢው ዋና ገዥ ሆኑ። ከሰገሌ በኋላም ሹመታቸው አልተነካም፤ ወርቁም ወደ አዲስ አበባ መሄዱን ቀጠለ። ኢያሱን ከሙስሊሞች ጋር ተወዳጁ ብሎ የከሰሰው ወገን ሥልጣን ሲይዝ አሶሳን በሙስሊም ሼህ ከማስገበር አላመነታም። ክሱ የሥልጣን መሣሪያ እንደነበር ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ምስክር ማግኘት ያስቸግራል።

ባሕሩ ሁለቱንም ታሪኮች ጽፈዋል፤ አላገናኟቸውም እንጂ። ጠረፉን በአቅኚነት፣ ማዕከሉን በዙፋን ሽኩቻ ምዕራፍ ለያይቶ መተረክ ደራሲው ራሳቸው ላቀረቡት መከራከሪያ የሚበጀውን ማስረጃ አሳጥቷቸዋል። መጽሐፉ ዛሬም ከአቻዎቹ ፊት ነው፤ በአሶሳ ክፍል ውስጥ ሲማሩበት ግን የሰገሌንና የቤኒሻንጉልን ገጾች አንድ ላይ ገልጦ ማስተማር ይበጃል።