ድንኳኑን ማን ተከለው?

ነገሩ የሆነው በመጀመሪያው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ዘመን፣ ከ2003 እስከ 2007 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ነው። «አንድ ለአምስት» የሚባለው አደረጃጀት በየቀበሌው፣ በየትምህርት ቤቱና በየመሥሪያ ቤቱ ተዘርግቷል። አንድ ወዳጄ የሚሠራበት መሥሪያ ቤትም ሠራተኛው በፊደል ተራ ስድስት ስድስት እየተቆጠረ ተመደበ። በወዳጄ ቡድን መሪ ሆኖ የተመረጠው፣ ምርጫው ሲካሄድ ሻይ ሊጠጣ የወጣው ሰው ነው።

ቡድኑ በየሳምንቱ ዓርብ ይሰበሰባል። ይሰበሰባል ማለት ቃለ ጉባኤ ይጻፋል ማለት ነው። አጀንዳ፦ ሰዓት አለማክበር። ውይይት፦ በሰፊው ተወያይተናል። ውሳኔ፦ እንዲሻሻል። አንድ ዓርብ በተጻፈው ቃለ ጉባኤ ላይ፣ የዓመት ፈቃድ ወጥታ ቤተሰቦቿ ዘንድ የሄደች ባልደረባቸው ግለ ሂስ አድርጋለች። ሂሷንም ተቀብላለች!

ከቡድኑ ውስጥ አንድ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበሩ፤ ጋሼ እንበላቸው። ጋሼ ስብሰባ ላይ ያንቀላፋሉ። በግምገማ «የአመለካከት ችግር አለባቸው» ተብለው ዝቅተኛ ደረጃ ተሰጥቷቸዋል። ታዲያ ወዳጄና ጋሼ የአንድ ሰፈር ሰዎች፣ የአንድ እድር አባላት ናቸው። አንድ ቀን ንጋት ላይ ጡሩምባ ተነፋ። ወዳጄ ዓይኑን እያሻሸ ሲደርስ ጋሼ ቀድመውት ገመድ ይዘዋል። «አንተ፣ ምሰሶውን ቀና አድርገው! ወዲህ ሳበው! በቃ፣ እሰሩት!» ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ድንኳኑ ቆመ፣ አግዳሚው ተደረደረ፣ ሴቶቹ ድስት ጣዱ። ያንቀላፋ የለም።

እንግዲህ ጥያቄው ይኼ ነው። እዚያ ያንቀላፉትና እዚህ ገመድ የሳቡት አንድ ሰው ናቸው። አመለካከታቸው ከቢሮ እስከ ሰፈር በምን ታክሲ ላይ ተለወጠ?

አለቆቻችን ቡድን የሚሠራው በመዋቅር ይመስላቸዋል። በ2001 ዓ.ም. ገደማ ቢፒአር መጣና መምሪያና ክፍል የሚባለው ቀርቶ «የሥራ ሂደት» ሆነ፤ ኃላፊውም «የሥራ ሂደት ባለቤት» ተባለ። ባለቤቱ በዛ፣ ሥራው ግን ባለቤት አጣ። ቀጥሎ አንድ ለአምስት መጣ። ዛሬ ደግሞ «ቲም ቢልዲንግ» ነው፤ አንድ ዓይነት ካናቴራ ለብሶ ቢሾፍቱ ወርዶ ገመድ መጓተት። መጓተቱስ ባልከፋ፤ ሰኞ ቢሮ ሲገባ ግን በዚያ ገመድ የሚታሰር ድንኳን የለም።

እድሩ ያለው፣ ቢሮው የጎደለው ሦስት ነገር ነው ባይ ነኝ።

አንደኛ፣ ሥራው ይታያል። ድንኳኑ ከጠመመ ለቀስተኛው ሁሉ ያየዋል፤ ሐዘንተኛዋም እዚያው ፊት ለፊት ተቀምጣለች። ቢሮ ውስጥ የሚታየው ሪፖርቱ ነው። ባለጉዳዩ ኮሪደር ላይ ቆሟል።

ሁለተኛ፣ ሕጉ ዳኛውንም ይይዛል። የእድር ዳኛ ከቀብር ቢቀሩ ስማቸው ይጠራል፣ ቅጣታቸውን ይከፍላሉ። የቢሮ አለቃ ሲቀሩ ግን «ስብሰባ ላይ ናቸው» ነው። ያረፈደ ሠራተኛ ክፍተት አለበት፤ ያረፈደ አለቃ ሥራ በዝቶበታል።

ሦስተኛ፣ መናገር ይቻላል። ምሰሶ የያዘው ጎረምሳ ዳኛውን «አባባ፣ ገመዱን ላላ ያድርጉት፣ ሊወድቅብን ነው» ይላቸዋል፤ እሳቸውም ያላላሉ። በአንድ ለአምስቱ ግን አምስቱ አንዱን፣ አንዱም አምስቱን ፈራ። ብዙ ሰው አደረጃጀቱን ወሬ ወደ ላይ የሚያደርስ ጆሮ ነው ብሎ ጠረጠረው። በዚያ ላይ እርስ በርስ ደረጃ ተሰጣጡ ተባለ፤ «ግንባር ቀደም» ለመባል የጓደኛን ጉድለት መቁጠር መጣ። በሚፈራራ ቡድን ውስጥ ስሕተት አይነገርም። ስሕተት ካልተነገረ ደግሞ ድንኳኑ ይወድቃል።

«እድርስ መቼ መልአክ ሆነ?» ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ በገንዘብ ይጣላል፣ በሹመት ይነታረካል። መሥሪያ ቤት በእድር ደንብ ይመራ አላልኩም። ግን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እያልን ስንተርት አንድ ነገር እንረሳለን፤ ጌጥ የሆነው እያንዳንዱ ሰው የራሱን አንድ ሎሚ ስለያዘ ነው። እኛ ዘንድ ሁለት ሰው ሃምሳውን ይሸከማል፣ አርባ ስምንቱ ስለ ሎሚ ይሰበሰባል። ሠራተኛውን «አመለካከትህ ተበላሽቷል» ከማለታችን በፊት፣ የትኛው ሎሚ የሱ እንደሆነና ለማን እንደሚያደርሰው አሳይተነዋል ወይ?

ወዳጄ የነገረኝን ልጨምርና ላብቃ። አንድ ዓርብ ከሰዓት ሊሰበሰቡ ሲሉ አንዲት እናት መጡ። እዚያው መሥሪያ ቤት ይሠሩ የነበሩት ባለቤታቸው ሞተው ኖሮ፣ ለጡረታ የሚሆን ማስረጃ ከማኅደራቸው ፈልገው ነው። ሲመላለሱ ሦስተኛ ቀናቸው ነው። «ሰኞ ይመለሱ» ሲባሉ፣ «ልጄ፣ የመሳፈሪያ የለኝም» አሉ። ጋሼ ከወንበራቸው ተነሡ። «አንተ የላይኛውን መደርደሪያ ያዝ፣ አንቺ የታችኛውን፣ እኔ በሩ ጋ ያለውን አያለሁ» ብለው አምስቱንም ይዘው ወደ መጋዘን ወረዱ። ከአንድ ሰዓት በኋላ፣ ሁሉም አቧራ ለብሰው፣ ማኅደሩ ተገኘ።

የዚያን ዕለት ስብሰባው አልተካሄደም። በወሩ መጨረሻ ቡድኑ «አንድ ስብሰባ አጓድሏል» ተብሎ ነጥብ ተቀነሰበት።