የጠጠረ ፔዳል፦ የፍሬን ማሻሻል ሥራ በሐረር ከፍታ

ፍሬን ማሻሻል ማለት ፋብሪካው በመኪናው ላይ የገጠመውን የማቆሚያ ሥርዓት የበለጠ አቅም ባለው መተካት ሲሆን፣ በአሮጌ መኪኖች ላይ በብዛት የሚሠራው የፊት ጎማዎችን ታምቡር ፍሬን አውርዶ ዲስክ ፍሬን መግጠም ነው። መኪናው ከጋራዥ ሲወጣ ባለቤቱ የሚጠብቀው በቀላል አረጋገጥ የሚይዝ ፍሬን ቢሆንም፣ ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ግን ከቀድሞው የጠጠረ፣ ሾፌሩ ወገቡን ከመቀመጫው መደገፊያ ጋር አጣብቆ ካልረገጠው በቀር መኪናውን በወጉ የማይገታ ፔዳል ነው። በዚህ ጊዜ ጥፋቱን በአዲሱ ዕቃ ላይ ማላከክ፣ ዕቃውን አውልቆ ሌላ መግጠም፣ ያም ካልሆነ ሦስተኛ መሞከር የተለመደ ነው፤ ይሁን እንጂ ፔዳል የሚጠጥረው አብዛኛውን ጊዜ በተለወጠው ክፍል ሳይሆን ሳይለወጥ በቀረው ምክንያት ነው። በሐረር ደግሞ ከማይለወጡት ነገሮች አንዱ ከተማዋ ያለችበት ከፍታ ነው።

ሐረር ለዚህ ጉዳይ ጥሩ ማሳያ የምትሆነው ፔጆ 404 ለአሥርተ ዓመታት በታክሲነት ያገለገለባት ከተማ በመሆኗም ጭምር ነው። ፒኒንፋሪና የነደፈው ይህ መኪና እ.ኤ.አ. በ1960 ለገበያ ቀርቦ፣ በ1963፣ በ1966፣ በ1967 እና በ1968 የምሥራቅ አፍሪካን የሳፋሪ ውድድር በማሸነፍ ጥንካሬውን ያስመሰከረ ሲሆን፣ የመጀመሪያዎቹ ምርቶች በአራቱም ጎማ ታምቡር ፍሬን ነበራቸው። ፋብሪካው ቀጥሎ ሃይድሮቫክ የተባለውን፣ በፍሬን ዘይቱ መስመር መካከል ገብቶ ግፊት የሚጨምረውን ረዳት ጨመረ፤ የፊት ዲስክ የመጣው ከዚያ በኋላ፣ በ1960ዎቹ መጨረሻ ነው። ረዳቱ ቀድሞ ዲስኩ የተከተለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ዛሬ ከኋለኛው 404 ወይም ከፔጆ 504 ዲስክ አውጥቶ በቀደመው 404 ላይ የሚገጥም ባለሙያ ይህንን ቅደም ተከተል ከዘለለ፣ ፔዳሉ እንደሚጠጥር ከወዲሁ መናገር ይቻላል።

ምክንያቱ በሁለቱ ፍሬኖች አያያዝ ላይ ነው። በታምቡር ውስጥ ካሉት ሁለት ሸራዎች አንዱ ታምቡሩ በሚዞርበት አቅጣጫ ስለሚጎተት፣ በተያዘ ቁጥር ራሱን ወደ ታምቡሩ ይበልጥ ያጣብቃል፤ ከሾፌሩ እግር የሚጠየቀው ኃይል በዚህ ምክንያት ይቀንሳል። በዲስክ ፍሬን ግን ካሊፐሩ፣ ማለትም ዲስኩን ከሁለት ወገን የሚቆነጥጠው ክፍል፣ ሸራዎቹን ወደ ዲስኩ ቀጥ ብሎ ስለሚገፋቸው ከዲስኩ ዙረት የሚገኝ እርዳታ የለም። የዲስክ ብልጫው ሙቀትን ቶሎ ማስወጣቱና ከቁልቁለት በኋላም አያያዙ እንዳለ መቆየቱ ሲሆን፣ የዚህ ዋጋ የሚከፈለው በሚጨምረው የእግር ኃይል ነው፤ ያንን ኃይል እንዲያቀርብ የተሠራው ደግሞ ሰርቮ ነው።

ሰርቮ በውስጡ በጎማ ዲያፍራም ለሁለት የተከፈለ ክብ ጣሳ ሲሆን፣ አንደኛው ወገን ከሞተሩ የአየር ማስገቢያ ማኒፎልድ በሚመጣ ቱቦ አየሩ ተስቦለት በቫኩም ይቆያል፤ ፔዳሉ ሲረገጥ በሌላው ወገን የውጭ አየር ይገባና ዲያፍራሙን ይገፋል። የሚገፋው እንግዲህ የከባቢው አየር ግፊት ነው፤ ሐረር ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ 1885 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ በዚያ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው አራት አምስተኛ ያህል ብቻ ነው። ጤነኛ ሞተር በባሕር ዳርቻ ያለ ጋዝ ሲሠራ በቫኩም መለኪያ ከ17 እስከ 21 የሜርኩሪ ኢንች ያሳያል፤ በየ300 ሜትሩ ከፍታ አንድ ኢንች ያህል ስለሚቀንስ ይኸው ሞተር በሐረር ከ11 እስከ 15 ቢያሳይ ሊያስደንቅ አይገባም። የውጭ የጥገና መጽሐፍ ይዞ የሚሠራ መካኒክ ይህንን ቁጥር አይቶ ደህናውን ሞተር ታማሚ ሊለው ይችላል፤ የባሰው ግን በተቃራኒው በኩል ያለው ስህተት ነው፤ ቁጥሩ 8 ወይም 9 ሲሆን «ከፍታው ነው» ብሎ ማለፍ የተቃጠለ ቫልቭን፣ የዘገየ የማቀጣጠያ ጊዜን ወይም የተሰነጠቀ ቱቦን መሸፈን ይሆናል።

የከፍታው ድርሻ በቁጥር ሲታይ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ዲያፍራም በ19 ኢንች ቫኩም ከ200 ኪሎ ጥቂት የሚበልጥ ኃይል ሲሰጥ፣ በሐረር በሚገኘው 13 ኢንች ግን የሚሰጠው 140 ኪሎ ገደማ ነው፤ ያንኑ የባሕር ዳርቻ ኃይል በሐረር ለማግኘት የዲያፍራሙ ስፋት ወደ 24 ሴንቲ ሜትር ማደግ ይኖርበታል። ስለዚህ ለዲስክ ለውጥ ሰርቮ የሚመርጥ ባለሙያ ከሞተሩ ክፍል የቦታ ጥበት ይልቅ ይህንን ስሌት ማስቀደም አለበት፤ ቦታው ካልበቃ ሁለት ዲያፍራም ያለው ሰርቮ አንድ ትንሽ ዲያፍራም ብቻ ካለው ይሻላል።

ከሰርቮው ቀጥሎ በብዛት የሚያሳስተው ማስተሩ፣ ማለትም የፔዳሉን ግፊት ወደ ዘይት ግፊት የሚለውጠው ሲሊንደር ነው። አዲሱ ካሊፐር ሰፊ ፒስተን ካለው ብዙ ዘይት ስለሚጠይቅ ፔዳሉ ወደ ታች ይረዝማል፤ ይህንን ለማሳጠር ሰፋ ያለ ማስተር ይገጠማል፤ ፔዳሉም ያጥርና «ጠንካራ» ይሆናል። ፔዳሉ አራት እጥፍ የሚያበዛ ሆኖ እግር በ30 ኪሎ ቢረግጥ፣ ሰርቮ በሌለበት በማስተሩ ላይ 120 ኪሎ ያርፋል፤ የማስተሩ ስፋት 19 ሚሊ ሜትር ከሆነ የዘይቱ ግፊት በካሬ ሴንቲ ሜትር 42 ኪሎ ገደማ ሲሆን፣ 22 ሚሊ ሜትር ከሆነ ግን ወደ 32 ይወርዳል። በሦስት ሚሊ ሜትር ልዩነት ሩብ ያህሉ ግፊት ጠፋ ማለት ነው። ጠንካራ ፔዳል ጥሩ ፍሬን ነው የሚለው እምነት እጅግ የተስፋፋ በመሆኑ ብዙ ሾፌር ይህንን ለውጥ እንደ መሻሻል ይቀበለዋል፤ ልዩነቱ የሚገለጥለት ድንገት ማቆም ሲያስፈልገው ነው፤ ይህም በጣም ዘግይቶ ነው።

ዕቃ ከመፍታት በፊት ሊደረጉ የሚገባቸው ሙከራዎች ምንም መሣሪያ አይጠይቁም። ሞተሩ ጠፍቶ ፔዳሉ አራት አምስት ጊዜ ይረገጥና በሰርቮው የቀረው ቫኩም እንዲያልቅ ይደረጋል፤ ከዚያም እግር ሳይነሣ ሞተሩ ይነሣል። ፔዳሉ በእግር ሥር ትንሽ ዝቅ ካለ ሰርቮው እየሠራ ነው፤ እንግዲህ የመጠጠሩ ምክንያት የሚፈለገው በማስተሩ ስፋት፣ በፔዳሉ ማባዣ ወይም በሸራው ላይ ነው። ካልተነቃነቀ ግን ጉድለቱ በሰርቮው ወይም ቫኩም በሚያመጣለት ቱቦ ላይ ነው። በተጨማሪ ሞተሩ ከጠፋ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ የመጀመሪያው ወይም ሁለተኛው እርግጫ የለሰለሰ መሆን አለበት፤ ከመጀመሪያው ጀምሮ ከጠጠረ በቱቦው ላይ ያለው፣ አየርን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፈው ቫልቭ ያፈስሳል፣ ወይም ተገልብጦ ተገጥሟል። በቫኩም ቱቦው ምትክ የተቀጠለ ተራ የውኃ ጎማ ሲሞቅ በቫኩሙ ተስቦ ውስጡ ሊጣበቅ ስለሚችል፣ ለቫኩም የተሠራ ወፍራም ቱቦ መጠቀም ግዴታ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚለይ ሌላ ዓይነት መጠጠር አለ፤ ጠዋት ደህና የነበረው ፔዳል በጉዞ ላይ እየቆየ ከፍ ይላል፣ ይጠጥራል፣ ጎማዎቹም ሳይረገጡ ይይዛሉ። ይህ በመስመሩ ውስጥ ታስሮ የቀረ ግፊት ምልክት ነው። ከሰርቮው ወደ ማስተሩ የሚገባው የመግፊያ ዘንግ ከሚገባው በላይ ከረዘመ፣ ዘይቱ ወደ ማጠራቀሚያው የሚመለስበት ቀጭን ቀዳዳ ተሸፍኖ ይቀርና በሙቀት የሚያብጠው ዘይት መውጫ ያጣል። ለታምቡር የተሠራ ማስተር ከተተወም በመስመሩ ላይ ጥቂት ግፊት ይዞ የሚያስቀር ቫልቭ ሊኖረው ይችላል፤ ለታምቡር የሚጠቅመው ይህ ቫልቭ ዲስክን ያስራል። መለያው ቀላል ነው፦ የታሰረው ጎማ የአየር ማውጫ ቡሎን ሲላላ ጎማው ከተፈታ ግፊቱ የታሰረው ወደ ማስተሩ በሚወስደው መስመር ላይ ነው፣ ካልተፈታ ግን ካሊፐሩ ራሱ ነክሷል። በፍሬን ዘይት ምትክ የሞተር ዘይት የተጨመረበት መኪና ደግሞ የጎማ ማተሚያዎቹ ሁሉ ስለሚያብጡ፣ ማጠብ ብቻ አይበቃም፤ ማተሚያዎቹ በሙሉ ይለወጣሉ።

የሸራ ምርጫም የአካባቢውን አነዳድ መከተል አለበት። ከሐረር በር ወደ ፈረስ መጋላ አደባባይ የሚሄድ መኪና በእግረኛ፣ በባጃጅና በሸቀጥ መካከል በዝግታ ስለሚያልፍ ፍሬኑ በበቂ አይሞቅም፤ ለውድድር የተሠራ ጠንካራ ሸራ ደግሞ በቀዝቃዛው ደካማ ስለሆነ፣ ሾፌሩ አያያዝ ያጣውን በእግሩ ኃይል ለመተካት ይገደዳል። ለከተማው ለስላሳው ሸራ ይሻላል፤ አዲስ ሸራም ከዲስኩ ጋር እስኪላመድ ድረስ በመካከለኛ ፍጥነት ደጋግሞ እየያዙና እያቀዘቀዙ ማስለመድ ያስፈልጋል።

የመጨረሻው ፍተሻ ተገቢ ቦታው ወደ ድሬዳዋ የሚወስደው መንገድ ነው፤ 2000 ሜትር ገደማ ከፍታ ካለው የሐረማያ አካባቢ ተነሥቶ በደንገጎ ቁልቁል 1200 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለችው ድሬዳዋ ይወርዳልና። ቤንዚን ለመቆጠብ ሞተር አጥፍቶ በዜሮ ማርሽ መውረድ ለሰርቮው ቫኩም የሚያመጣውን ምንጭ ማቋረጥ ሲሆን፣ ከጥቂት እርግጫ በኋላ ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ይሆናል፤ በማርሽ ተይዞ ጋዝ ሳይሰጥ የሚወርድ ሞተር ግን መኪናውን እየገታ ከፍተኛውን ቫኩም ይሰጣል። ፍተሻው የሚደረገው በዚህ በሁለተኛው አነዳድ ነው፤ ከቁልቁለቱ በታች ቆሞ የአራቱም ጎማ ሙቀት ይነጻጸራል፣ የግራና የቀኙ መለያየት የአንዱን ካሊፐር መንከስ ያመለክታል፤ መኪናው ዳገቱን ወጥቶ ሐረር ሲመለስ የፔዳሉ ቁመት ከመነሻው ቁመት ጋር ይለካል፣ ከፍ ብሎ ከተገኘ ማስተሩ ወርዶ የመግፊያ ዘንጉ ክፍተት እንደገና ይስተካከላል።