የመዝሙሩ ቃል ሲጎድል ኦርጋኑ ምን ያስተምራል?

በአብያተ ክርስቲያናችን “ኦርጋን” ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው የኤሌክትሪክ ኪቦርዱን ነው። እዚህ የምንነጋገርበት ግን ነፋስ በቧንቧዎች ውስጥ እያለፈ የሚያሰማውን፣ በእጅም በእግርም የሚጫወቱትን ትልቅ መሣሪያ ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ በርካታ ዩኒቨርሲቲዎች ራሱን የቻለ ትምህርት ሆኖ ይሰጣል። ጥያቄያችን ይህ ነው፦ ለአምልኮ የተጻፈ ሙዚቃ በመማሪያ ክፍል ሲጠናና በኮንሰርት ሲቀርብ ምን ሊጎድለው ይችላል?

ለዚህ የዮሐን ሴባስቲያን ባኽ “ትንሹ የኦርጋን መጽሐፍ” ጥሩ ምሳሌ ነው። ባኽ አብዛኛውን የጻፈው በቫይማር ሳለ (እ.ኤ.አ. 1708–1717) ነው። 164 የጉባኤ መዝሙሮችን ሊያቀናብር አቅዶ 46 ቅንብሮች ላይ ቆሟል። የርዕስ ገጹ የመጽሐፉን ዓላማ ይናገራል፦ ጀማሪው ተጫዋች መዝሙርን በልዩ ልዩ መንገድ ማቀናበርንና በእግር መጫወትን እንዲማር፣ እንዲሁም እግዚአብሔር እንዲከበርና ባልንጀራ እንዲማርበት። ለባኽ የእግር ልምምድና የእግዚአብሔር ክብር በአንድ ገጽ የሚጻፉ ነገሮች ነበሩ። በፈተና ክፍል ግን በቀላሉ ነጥብ የሚሰጠው ለመጀመሪያው ብቻ ነው።

ክፍተቱ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1899 የፓሪሱ ስመ ጥር የኦርጋን መምህር ሻርል ማሪ ቪዶር በእነዚህ የባኽ ሥራዎች ውስጥ ብዙ ነገር እንቆቅልሽ እንደሆነበት ለተማሪው ገለጸለት። ተማሪው በስትራስቡርግ ዩኒቨርሲቲ ሥነ መለኮትና ፍልስፍና ያጠናው የመጋቢ ልጅ አልበርት ሽቫይትዘር ነበር። መልሱ፣ ፍቺው ያለው በመዝሙሮቹ ቃል ውስጥ ነው የሚል ሆነ፤ ግጥሞቹንም በቃሉ ወደ ፈረንሳይኛ ይተረጉምለት ጀመር። ያን ዕለት መምህሩ ከተማሪው ተማረ። ሽቫይትዘር በልጦ የተገኘው በጣቱ ፍጥነት ሳይሆን የጉባኤውን መዝሙር ስለሚያውቅ ነው።

የላዛሩስ ሽፔንግለርን መዝሙር (እ.ኤ.አ. 1524) እንውሰድ። መዝሙሩ በአዳም ውድቀት የሰው ባሕርይ ፈጽሞ መበላሸቱን በመናዘዝ ይጀምራል። በባኽ ቅንብር ውስጥ የእግሩ ድምፅ በሰፊ ዝላይ ደጋግሞ ወደ ታች ይወድቃል። ቃሉን ለማያውቅ ተማሪ ይህ አስቸጋሪ የእግር ልምምድ ነው፤ ለሚያውቅ ግን ውድቀቱ ራሱ ነው።

ይሁን እንጂ የሽቫይትዘርም ንባብ ገደብ አለው። በድምፁ ውስጥ ሥዕል መፈለግን ስለሚያበዛ፣ ሥዕሉ ከተገኘ በኋላ ሥራው ያለቀ ሊመስለን ይችላል። የሽፔንግለር መዝሙር ግን በአዳም አያበቃም። በሮሜ 5 መንገድ ሄዶ፣ በሌላው በደል እንደጠፋን እንዲሁ በሌላው ጸጋ በክርስቶስ እንደታረቅን ይመሰክራል። ውድቀቱን ብቻ ሰምቶ የተነሣ አድማጭ የሰማው የወንጌሉን ግማሽ ነው። ቃሉን ማወቅም ብቻውን እምነት አይሆንም፤ ሽቫይትዘር እ.ኤ.አ. በ1906 ስለ ታሪካዊው ኢየሱስ ባሳተመው መጽሐፍ የደረሰበትን መደምደሚያ ወንጌላውያን አንቀበልም።

“ዩኒቨርሲቲ ቤተ ክርስቲያን አይደለም፤ ተማሪን እመን ማለት አይችልም” የሚል ይኖራል። እውነት ነው። ነገር ግን ተማሪው የሚጫወተውን መዝሙር ቃል እንዲያነብ መጠየቅ እምነትን መጫን አይደለም፤ ሥራውን በታማኝነት ማጥናት ነው። መምህሩ ከልምምዱ በፊት መዝሙሩን ከተማሪው ጋር ቢዘምረው፣ በኮንሰርቱም ሙሉው ግጥም ለአድማጭ ቢታደል፣ የባኽ ሁለተኛ ዓላማ ቢያንስ በሩ ይከፈትለታል።

ለእኛ ለመጋቢዎችና ለሥነ መለኮት ተማሪዎች ግን ጥያቄው ከቤታችን ይጀምራል። ሐዋርያው ጳውሎስ መሣሪያ እንኳ የተለየ ድምፅ ካልሰጠ የሚጫወተው እንደማይታወቅ ካስረዳ በኋላ፣ በመንፈስም በአእምሮም መዘመርን ያስተምራል (1ኛ ቆሮ. 14፥7፣ 15)። በየሳምንቱ ኪቦርዱ ላይ ለሚቀመጠው ወጣት ቁልፉንና ምቱን እንነግረዋለን። የመዝሙሩን ቃል አብረነው ያጠናንበት ጊዜስ መቼ ነበር? ቪዶር አለማወቁን ለተማሪው በመግለጹ አላፈረም። እኛም ከዚያ ልንጀምር እንችላለን።