ጆሮ በወረቀት ይፈተናል ወይ?

በዚህ እትማችን የምናየው የፎርም ፎር ማጠቃለያ የሆነውን የኬሲኤስኢን የእንግሊዝኛ ፈተና ነው። የሚያዘጋጀው ናይሮቢ ያለው የኬንያ ብሔራዊ የፈተናዎች ምክር ቤት ሲሆን ሦስት ወረቀት አለው።

80 ነጥብ የሚይዘው ሁለተኛው ወረቀት በእኛ በኩል ጥሩ ነው። ተማሪው ምንባቡን አንብቦ መልሱን ራሱ ይጽፋል እንጂ እንደ አገር ቤቱ የ12ኛ ክፍል ፈተና ከአማራጭ አያጠቁርም። በግምት ማለፍ የለም።

ቅር ያሰኘን የመጀመሪያው ወረቀት ነው። ከ60 ነጥብ 30ው የማዳመጥና የመናገር ችሎታ ይባላል፤ ግን አዳራሹ ውስጥ አንድም የሚደመጥ ነገር የለም፣ ሁሉም በጽሑፍ ነው! ለምሳሌ አንድ ቃል ተሰጥቶ በድምፅ የሚመሳሰለውን ሌላ ቃል ጻፉ ይባላል። ሌሊት የሚለውና ፈረሰኛ ጦረኛ የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ሁለቱም «ናይት» ናቸው፣ ፊደላቸው ብቻ ይለያል። ዝርዝሩን የሸመደደ ልጅ ቃሉን ከሰው አፍ ሰምቶት ባያውቅም ነጥቡን ይወስዳል።

በቻይና የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና፣ ጋኦካኦ፣ በብዙ ክፍላተ ሀገር ከእንግሊዝኛው 150 ነጥብ 30ው የማዳመጥ ነው። ቅጂ ይከፈታል፣ ተማሪው እየሰማ 20 ጥያቄ ይመልሳል። መብራት በሚቆራረጥበት ትምህርት ቤት ይሄ እንደማይቀል እናውቃለን። ሆኖም ጉዳቱ የሚታየው ኋላ፣ ኮሌጅ ገብቶ ሌክቸረሩ ሲፈጥንበት ነው፤ በተለይ እንግሊዝኛን ከመጽሐፍ ብቻ ለተማረ የእኛ ልጅ።

እስቲ መምህራን፣ ቴፕ ባይኖርም ድምፃችሁ አለ። መጽሐፍ ይዘጋ፤ አንድ አንቀጽ ሁለት ጊዜ አንብቡና ጠይቁ። ከዚያ የሆነውን ጻፉልን።