የሚወደድ ፊልምና የሚያስተምር ፊልም

ተማሪዎች የፀሐይን ኃይል ሳይንስ ለሕፃናት የሚያስረዱ አጫጭር የቪዲዮ ፊልሞች እንዲያዘጋጁ ማወዳደር ዓላማው የሚመሰገን ሥራ ነው፤ ለታናሹ ሊያስረዳ የተነሣ ተማሪ አስቀድሞ ራሱ መረዳት ይኖርበታልና። ይሁን እንጂ የዚህ ዓይነቱ ውድድር ጥቅም የሚወሰነው በሽልማቱ መጠን ወይም በሥዕሎቹ ውበት ሳይሆን አሸናፊው በሚለይበት ሚዛን ነው። ይህ ጽሑፍ የሚመረምረውም ይህንኑ ሚዛን ነው።

ለምርመራው አመቺ የሚሆነው ምሳሌ አሜሪካዊው ተዋናይ አለን አልዳ እ.ኤ.አ. በ2012 በኒውዮርክ ግዛት ከሚገኘው የስቶኒ ብሩክ ዩኒቨርሲቲ ጋር የጀመረው «የነበልባል ውድድር» ነው። አልዳ የ11 ዓመት ልጅ ሳለ መምህርቱን «ነበልባል ምንድን ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ያገኘው መልስ «ኦክሲዴሽን ነው» የሚል ብቻ ነበር። ስም ተሰጠው እንጂ ማብራሪያ አልተሰጠውም። ውድድሩም የሳይንስ ሰዎች ይህንኑ ጥያቄ ለ11 ዓመት ልጅ በሚገባ ቋንቋ እንዲመልሱ ጠየቀ፤ የመልሶቹ ትክክለኛነት በባለሙያዎች ከተጣራ በኋላ የመጨረሻውን ፍርድ የሰጡት ልጆቹ ራሳቸው ነበሩ። የመጀመሪያው አሸናፊ በኦስትሪያ የኢንስብሩክ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ተማሪ ሲሆን፣ ያቀረበውም በዘፈን የታጀበ የካርቱን ፊልም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 የቀረበው ጥያቄ ደግሞ «ኢነርጂ ምንድን ነው?» የሚል ነበር።

ልጆችን ዳኛ ማድረጉ አዋቂው ማብራሪያው ለማን እንደተዘጋጀ እንዳይዘነጋ ያስገድደዋል። ጉድለቱም ከዚያው ይመነጫል፤ ልጁ የሚመሰክረው ገብቶኛል ብሎ ማሰቡን እንጂ በእርግጥ መረዳቱን አይደለም። የሁለቱን ልዩነት ዴሬክ ሙለር እ.ኤ.አ. በ2008 ለሲድኒ ዩኒቨርሲቲ ባቀረበው የዶክትሬት ጥናት አሳይቷል። ትክክለኛውን ሐሳብ ብቻ ጥርት አድርጎ የሚያቀርብ የፊዚክስ ፊልም ያዩ ተማሪዎች ፊልሙን ግልጽ ነው ብለው ቢያመሰግኑም የፈተና ውጤታቸው እምብዛም አልተሻሻለም። የተለመደውን ስሕተት አንሥቶ የሚሞግት ፊልም ያዩት ግን ይበልጥ ማሰብ ቢጠይቃቸውም የተሻለ ውጤት አገኙ።

የዚህ ግኝት ትርጕም በፀሐይ ኃይል ትምህርት ላይ ጎልቶ ይታያል። ፈገግ የምትል ፀሐይ ጨረሯን በጣሪያ ላይ ወደተዘረጋው፣ በተለምዶ «ሶላር» ወደሚባለው ሰሌዳ ስትልክና አምፖል ሲበራ የሚያሳይ ፊልም ልጆችን ያስደስታል፤ ስሕተትም የለበትም። ነገር ግን ልጁ ይዞት የመጣውን እምነት ሳይነካ ያልፋል። ፀሐይን በሙቀቷ የሚያውቃት ልጅ ሰሌዳው ኤሌክትሪክ የሚሠራው በሙቀት ነው ብሎ ቢያስብ አያስደንቅም። እውነቱ ግን ሌላ ነው፤ ብርሃን በሲሊከኑ ውስጥ ኤሌክትሮኖችን ከቦታቸው ሲያላቅቅ፣ በዚያው ውስጥ ያለው የኤሌክትሪክ መስክ ወደ አንድ አቅጣጫ ይነዳቸዋል። ሙቀቱማ ጎጂ ነው፤ ሰሌዳው ከ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሞቀ ቁጥር ለእያንዳንዱ ዲግሪ የሚያመነጨው ኤሌክትሪክ 0.4 በመቶ ያህል ይቀንሳል። በኩራዝ ምትክ የሶላር መብራት የሚጠቀም የገጠር ልጅም ሰሌዳው ብርሃን የሚያጠራቅም ሊመስለው ይችላል፤ ለማታ የሚያጠራቅመው ግን ባትሪው ነው።

ስለዚህ መልካም ፊልም ከማስረዳቱ በፊት መጠየቅ ይኖርበታል። «ሁለት አንድ ዓይነት ሰሌዳዎች በእኩል ብርሃን፣ አንዱ በደብረ ብርሃን ብርድ፣ ሌላው በአፋር ሐሩር ቢዘረጉ ይበልጥ የሚያመነጨው የትኛው ነው?» ተብሎ የተጠየቀ ልጅ አስቀድሞ ይገምታል፤ ግምቱ ሲፈርስም ምክንያቱን ይፈልጋል። ዳኝነቱም በጭብጨባ ብቻ መቆም የለበትም። ልጆቹ ፊልሙን ከማየታቸው በፊትና ካዩ ከጥቂት ቀናት በኋላ ተመሳሳይ ጥያቄ ሊጠየቁ፣ በመካከሉ የታየውም ለውጥ ከድምፃቸው ጋር ሊመዘን ይገባል። ይህ ተጨማሪ ወጪ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው የመምህሩን ትጋት ነው።

በአማርኛ «ኃይል» የሚለው ቃል ለብዙ ነገር ስለሚያገለግል ጥንቃቄው ይበልጥ ያስፈልጋል። ለአልዳ የተሰጠው ዓይነት መልስ ዛሬም በቀለምና በዜማ አጊጦ ሊቀርብ ይችላል፤ «የፀሐይ ኃይል» እያለ የሚዘምር ልጅ ሁሉ ግን ነገሩን አወቀ ማለት አይደለም።